ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብንቀይር ከቫይረስ እንገላገላለን?



ከጋይንት፣ ከስማዳም ሆነ ከእስቴ ወደ ግቢ የመጣን ተማሪዎች ፋይል የምንቀባበለው በአብዛኛው በፍላሽ ነው። ሃንድአውቱም የመመረቂያ ጽሑፉም ከላፕቶፕ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከዚያ ወደ ጓደኛ ይዞራል። ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። «ሊኑክስ ብንጭን እንገላገላለን ወይ?» የሚለው ጥያቄ በጀማዓችን ደጋግሞ የሚነሳው ለዚህ ነው።

አጭሩ መልስ፦ የሲስተሙ አሠራር ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ በሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

እንዴት ይቀንሳል? በዊንዶውስ ኤክስፒ የመጀመሪያው ተጠቃሚ በቀጥታ አድሚኒስትሬተር ይሆን ነበር፤ እሱ የከፈተው ቫይረስም ሥልጣኑን ሁሉ ይወርሳል። ፍላሽ ሲሰካ ደግሞ ኦቶራን ፕሮግራሙን በራሱ ሊያስነሳ ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን ለፍላሽ በዊንዶውስ 7 አስቀረ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ለኤክስፒና ለቪስታም ማስተካከያ ላከ። በሊኑክስ ተራ ተጠቃሚ የሲስተሙን ፋይሎች ያለ ተጨማሪ ፈቃድ አይነካም። አንድሮይድ እያንዳንዱን አፕ በየክፍሉ ለይቶ ያስቀምጣል።

የማይዘጋውስ? ፍሬድ ኮኸን በ1984 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት፣ የተጠቃሚዎችን ሥልጣን በሚለየው በዩኒክስ ላይ እንኳ ቫይረሱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሙሉ ሥልጣን አግኝቷል። አጥሩን ሰብሮ አይደለም፤ ሰዎች የተጋሩትን ፕሮግራም ሲያስነሱ እነሱው አሳለፉት። ከአገራችን ጋር የተያያዘም ጉዳይ አለ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2017 እ.ኤ.አ. እንደዘገበው፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል የተላከው የስለላ ፕሮግራም የቪዲዮ ማጫወቻ ማሻሻያ መስሎ የቀረበ ነበር። ባለቤቱ ራሱ «ይሁን» ካለ ሲስተሙ ብዙም የሚያደርገው የለም።

የምናውቀው የሾርትከት ቫይረስም እንዲሁ ነው። ፋይላችንን ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ስንከፍተው ፋይሉም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ይነሳል። ኦቶራን ቢዘጋም እኛው እየከፈትንለት ነው።

ስለዚህ ፋይል ጠፋ ብለን ፍላሹን ለፎርማት አንቸኩል፤ ብዙውን ጊዜ ተደብቆ ነው ያለው። ኡቡንቱ ባለው ላፕቶፕ ላይ ቢሰካ የተደበቀው ይታያል፤ የዊንዶውሱ ሾርትከትም እዚያ አይሠራም። ለፕሪንት የሚሄደው ፍላሽ ላይ የሚታተመው ፒዲኤፍ ብቻ ይኑር። የመመረቂያ ጽሑፋችን ሌላ ግልባጭ ከላፕቶፑም ከፍላሹም ውጭ ይቀመጥ። አፕዴትም አንናቅ፤ በሜይ 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ ሲነሳ ማስተካከያው ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር።

የተዋስነው ፍላሽ አማና ነው፤ ከእኛ ላፕቶፕ ቫይረስ ይዞ አይመለስ። ሰበቡን እናድርስ፣ ከዚያ በአላህ እንመካ።