ሩጫ ክንድ ያፈረጥማል?

በኦሎምፒክ ሰሞን በጎጃም ቢቸና ወይም ሞጣ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ወጣት ሁለት ዓይነት ሯጭ ያያል። በ10 ሺህ ሜትር የሚሮጡት የእኛዎቹ ክንዳቸው የቀጠነ፣ ትከሻቸው የሾለ ነው። የ100 ሜትሮቹ ደግሞ ደረታቸው ካናቴራቸውን ሊቀድ የደረሰ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ድምዳሜው አይቸግርም፤ ረጅም ሩጫ ያከሳል፣ አጭር ሩጫ ያፈረጥማል። ደረት ማውጣት የፈለገውም በማግስቱ ማለዳ ሜዳ ወርዶ ይፈተለካል።

መልሱን አላቆየውም። የፍጥነት ሩጫ ጭንን፣ መቀመጫንና ባትን በደንብ ያሠራል፤ ደረትንና ክንድን ግን ይህ ነው በሚባል መጠን አያሳድግም። የ100 ሜትሩ ሯጭ ያን ትከሻ ያመጣው ብረት ሲያነሳ ነው። ከተፈጥሮው ለጉልበት ሥራ የሚመች ጡንቻ ያለው ሰው ወደ አጭር ርቀት መሳቡም አለ፤ ፈርጣማ ስለሆነ ይሮጣል እንጂ ስለሮጠ ብቻ አልፈረጠመም። አንዳንዱ ትከሻ ደግሞ ከብረትም አልፎ የመጣ ነው፤ ካናዳዊው ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ላይ የ100 ሜትር ወርቁን የተነጠቀው በስቴሮይድ ምክንያት ነበር።

ለመሆኑ እጅ በሩጫ ጊዜ ምን ይሠራል? ቀኝ እግር ወደፊት ሲወረወር ግራ እጅ አብሮት ይሄዳል። እግሮች ሲፈራረቁ ሰውነትን ወደ ጎን ሊያዞሩት ይታገላሉ፤ እጆች በተቃራኒው እየተወናጨፉ ያንን መዞር ይገቱታል። አሬላኖና ክራም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ሯጮችን እጃቸውን ሳያወዛውዙ አስሮጠው የሚያወጡትን ጉልበት ለኩ። እጅ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ጉልበቱ በ3 በመቶ፣ ደረት ላይ ሲጣመር በ9 በመቶ፣ ራስ ላይ ሲጫን በ13 በመቶ ጨመረ። እንግዲህ እጅ ሯጩን የሚጠቅመው ጉልበቱን በመቆጠብ ነው። ጡንቻ ደግሞ በቁጠባ አያድግም፤ የሚያድገው ሲጫኑት ነው።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ግራ ክንድ አስታውሱ። በልጅነቱ አሰላ አካባቢ ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ስላደገ፣ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም ያ ክንድ ደብተር እንዳቀፈ ታጥፎ ይሮጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው የመጨረሻዋ መቶ ሜትር ለሁለቱም ያላቸውን ሁሉ አሟጠው የሮጧት ነበረች። ያን ሁሉ ዓመት የተወናጨፈው ክንድ ግን ቀጭን እንደሆነ ቀረ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠርም እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ ዓለምን ያስደነቀው በመጨረሻው ዙር በሚተኩሰው ፍጥነት ነበር፤ ሰውየው ግን በቁመቱም በትከሻውም ደቃቃ ነበር።

እነዚህ የረጅም ርቀት ሰዎች ናቸው፣ ለአጭሩ አይመሰክሩም የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ወደ ሂሳቡ እንግባ። የአንድ ሰው እጅ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ሲመዘን ከጠቅላላ ክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ 3 ኪሎ የምትሆን እጅ ያወናጭፋል ማለት ነው። በፍጥነት ስትወናጨፍ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጫና ከ3 ኪሎ እንደሚበልጥ አልክድም፤ ግን በ12 ሰከንድ ያልቃል፣ በሚቀጥለው ወርም ያው 3 ኪሎ ነው። ጡንቻ አንድን ሸክም ከለመደ በኋላ ለማደግ ምክንያት ያጣል። እግር ከእጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ አንዱ እግር መሬት በረገጠ ቁጥር ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይቀበላል።

ሸክም ምን እንደሆነ ለሞጣ ሰው ማስረዳት ትርፍ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለውን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትን ሰባራ ድልድይ ያውቀዋል። በጣልያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ከተቆረጠ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ በወዲህና በወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ገመድ ጎታቾቹ ከቦታቸው ሳይንቀሳቀሱ አንድ ሙሉ ሰው ገደል ላይ ይዘው ይጎትቱ ነበር፤ ጀርባ፣ ክንድና መዳፍ በአንድ ላይ ይጨነቁ ነበር። ቢቸና ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር ላይ እርፉን ተጭኖ የሚያርስ ገበሬ፣ አውድማ ላይ በመንሽ የሚያነሳና የሚጥል ጎረምሳ፣ ሙቀጫ ላይ ዘነዘና የምታነሳ ሴት፣ ሁሉም ለላይኛው አካል ከመቶ ሜትር ሩጫ የተሻለ ሥራ ይሠራሉ። ከተሜው ብረት ቤት ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ይኸንኑ ነው።

ጂም የሚመላለሱ ወጣቶች የሚያነሱት ሌላ ክርክር አለ። የፍጥነት ሩጫ የእድገት ሆርሞን ስለሚያስነሳ፣ ሆርሞኑ በደም ዞሮ ደረትንም ክንድንም ያሳድጋል ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ በሙሉ ኃይል ከሮጡ በኋላ ሆርሞኑ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ግማሽ ግን በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተፈትኗል። 12 ወጣቶች ለ15 ሳምንታት ሁለቱንም ክንዳቸውን በተለያየ ቀን አሠሩ፤ አንዱን ክንድ ለብቻው፣ ሌላውን ከከባድ የእግር ሥራ ጋር አያይዘው፣ ደማቸው በሆርሞን እንዲሞላ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤት ሁለቱ ክንዶች እኩል ማደጋቸውን አሳየ። የእግር ሥራው ያስነሳው ሆርሞን ለክንዱ አንዳች አልጨመረለትም።

ሸክሙ ከእግር ወደ ክንድ ሲዞር ምን እንደሚሆን ደግሞ አበበ ቢቂላን ተመልከቱ፤ የሮምንና የቶኪዮን ኦሎምፒክ ማራቶን በእግሩ ያሸነፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሲታከም ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1970 እዚያው በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሳተፈ፤ በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። በማራቶን ዘመኑ ተሸካሚ የነበረው እግሩ ነው፤ አሁን ሸክሙ ሁሉ ወደ ትከሻና ወደ ክንዱ ዞረ። ማራቶን ያልጠየቀውን ክንድ ቀስቱና ተሽከርካሪ ወንበሩ ጠየቁት።

ታዲያ ሩጫውን መተው ነው? በጭራሽ። ቢቸናም ሞጣም ከፍታቸው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95 ሰከንድ የሮጠባትን ሜክሲኮ ሲቲን (2,240 ሜትር) ይበልጣሉ። አየሩ ስስ በመሆኑ ለአጭር ሯጭ አይከብደውም። ነገር ግን ከሩጫ በኋላ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም፤ ስለዚህ በሁለት ሩጫዎች መካከል ሦስት አራት ደቂቃ ማረፍ ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በደንብ ከተሟሟቁ በኋላ፣ ስድስት ሰባት ጊዜ ሽቅብ መሮጥ ይበቃል። ሳይሟሟቁ መፈትለክ የጭንን የኋላ ጡንቻ ሊበጥስ ይችላል።

ለላይኛው አካል ሌላ ሁለት ቀን ስጡ። ፑሽ አፕ፣ ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ መሳብ፣ በሁለት እጅ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዞ መሄድ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ግማሹን ሞልቶ መጀመርና በየሳምንቱ መጨመር ይቻላል። ፑሽ አፕ 20 ከደረሰ እግርን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ ማክበድ ነው፤ 50ና 60 መድረስ ለጉራ ካልሆነ ደረት ላይ ብዙም አይጨምርም።

ምግቡስ? ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 96 ግራም ይመጣል። ጿሚ ለሆነ ጎጃሜ ይህ ከባድ ይመስላል። ይሁን እንጂ 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ምስርና ባቄላ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላሉ፤ ጤፉም የራሱን ያዋጣል። ችግሩ ሽሮው ቀጥኖ ሲሠራ ነው፤ ሳህን ሙሉ ወጥ ውስጥ ያለው ዱቄት ከጭብጥ አያልፍም። ወፈር አድርጎ መሥራት፣ ከጎኑ ክክ ወይም ምስር መጨመር፣ በመሃል ቆሎና ንፍሮ መያዝ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ደግሞ ከባዱን ሥራ ወደ አመሻሽ፣ ከበላ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ፣ ቢያዞረው ይሻለዋል።