የሸክላ ሠሪዋን መልክ ስትጽፉ

የልብ ወለድ አርታዒ ነኝ። መቼታቸው ሆሳዕና ወይም ዱራሜ የሆኑ ረቂቆች ላይ የማይጠፋ ነገር አለ፦ ከአዲስ አበባ የመጣው ዋና ገጸ ባሕርይ የቆዳ ቀለሙ አይነሣም፤ የአካባቢው ሰው ገና ብቅ ሲል «ጥቁር ቢሆንም ቆንጆ» ይባላል። «ቢሆንም»ን ሰርዟት። ቀለም መጥራት ነውር የለውም፤ ጠይም፣ የቀይ ዳማ እያልን ስንግባባ የኖርን ነን። ከጠራችሁ የሁሉንም ጥሩ።

የባሰው ሸክላ ሠሪዎች ላይ ነው። በሐዲያና በከምባታ «ፉጋ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። ለማግለያነት ከሚደረደረው ሰበብ አንዱ «መልካቸው ይለያል፣ ይሸታሉ» ነው። ተራኪው ይህን እንደ እውነት ከደገመው አድልዎው የደራሲው ሆነ ማለት ነው። ስድቡ ለታሪኩ ካስፈለገ ከተሳዳቢው አፍ ይውጣ፤ ተሳዳቢውም ስም ይኑረው (አብዛኛውን ጊዜ «አንድ ሰው» ብቻ ተብሎ ይታለፋል!)።

ሸክላ ሠሪዋንስ? «አፍንጫዋ ደፍጣጣ» በማለት ፈንታ፦ «ጀበናውን በጥፍሯ መታ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች፤ ከዚያ ዋጋ ጠራች።» መልኳን መጨመር ካሻችሁ በማን ዓይን እንደሚታይ ወስኑ። የግንባሯ ጠባሳ ከየት እንደመጣ ባሏ ያውቃል፣ ገበያተኛው አያውቅም።