ዋጊኖስ፣ ብሩሲን እና የደረቀው ናሙና

በመርዝ ጥናት መጻሕፍት ውስጥ ከስትሪክኒን ጎን የሚጠቀሰው ብሩሲን የተባለው አልካሎይድ ስሙን ያገኘው ዋጊኖስ (ብሩሴያ አንቲዲሴንተሪካ) ከተባለው በኢትዮጵያ ደጋዎች ከሚበቅል ዕፅ ነው። ይሁን እንጂ ብሩሲን በዋጊኖስ ውስጥ አይገኝም። ስያሜው የተሰጠው በስህተት ሲሆን፣ ስህተቱ ከታረመ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ቢቃረብም ስሙ ግን እንዳለ ቀርቷል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጎንደርና በአካባቢው ከቆየ በኋላ በ1771 መጨረሻ በሱዳን በኩል ተመለሰ። በጉዞው ላይ በተቅማጥ ታምሞ በዋጊኖስ መዳኑን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል። ብሩስ ለአውሮፓ ያስተዋወቃቸው ዕፅዋት በአብዛኛው የታወቁት በዘርና በሥዕል ነው። ሥዕሎቹን የሳለው ጎንደር ላይ ሕይወቱ ያለፈው ጣሊያናዊ ረዳቱ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር። በ1779 ዕፁ በብሩስ ስም ብሩሴያ ተባለ።

በዚሁ ዘመን ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ አንጎስቱራ የተባለ የዛፍ ቅርፊት ለትኩሳት መድኃኒትነት በአውሮፓ ይሸጥ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቅርፊቱን የወሰዱ አንዳንድ ሕሙማን ጡንቻቸው እየተወጠረና እየተንፈራገጡ መሞት ጀመሩ። ከእውነተኛው መድኃኒት ጋር ሌላ ቅርፊት ተቀላቅሎ ነበር። ይህ «ሐሰተኛ አንጎስቱራ» ከየትኛው ዛፍ እንደተላጠ በገበያ ላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቅጠልም አበባም ያልተያያዘበት ቁራጭ ቅርፊት ስለነበር የጊዜው ሊቃውንት በግምት ከብሩሴያ የመጣ ነው አሉ። ፔልቲየርና ካቫንቱ የተባሉት የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚዎች በ1819 መርዙን ነጥለው ሲያወጡ ይህንኑ ግምት ተቀብለው ብሩሲን አሉት። ቅርፊቱ የእስያው የኑክስ ቮሚካ ዛፍ መሆኑ የተረጋገጠው በ1830ዎቹ ነው። በመካከሉ አንድ ዕፅ በሌላው ወንጀል ሲከሰስ፣ እውነተኛው ምንጭ ሳይታወቅ ቆየ።

እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኘው በሄርባሪየም የሚቀመጠው የደረቀ ናሙና ነው። ናሙና ቅጠል፣ አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በወረቀት መካከል ተጨፍልቆ ከደረቀ በኋላ በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፎ የሚቀመጥ ሲሆን፣ በግርጌው የተሰበሰበበት ቦታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር ይጻፋል። አንድ ዝርያ መጀመሪያ ሲሰየም መነሻ የሆነው ናሙና ለዘለቄታው የስሙ ዋቢ ይሆናል፤ የተጠራጠረ ሁሉ ወደዚያው ተመልሶ ያመሳክራል።

በኢትዮጵያ ረገድ በዚህ ሥራ ከሁሉ የላቀው ጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። በ1837 መጥቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ በአገሪቱ የኖረው ይህ ሰው፣ ከአንድ ዕፅ በርካታ ቅጂ እየሰበሰበ በቁጥር ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። የእንቆቆ ሳይንሳዊ ስም ኤምቤልያ ሺምፐሪ የተባለውም ለእርሱ መታሰቢያ ነው። ቅጂ ማብዛቱ የሽያጭ ዘዴም ነበር፤ ጥቅሙ ግን የታየው በመጋቢት 1943 የበርሊን ሄርባሪየም በአውሮፕላን ድብደባ ሲቃጠል ነው። በርሊን የነደዱት የሺምፐር ናሙናዎች አቻዎች በሌሎች ከተሞች ተርፈዋል።

ኮሶም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በ1791 ሃጌንያ አቢሲኒካ ከተባለ በኋላ፣ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከቁስጥንጥንያ የላከው አበባ እንደ አዲስ ዕፅ ተቆጥሮ ብራየራ አንቴልሚንቲካ ተባለ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ዛፍ መሆናቸው የታወቀው በንጽጽር ነው።

ጉዳዩ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዋጊኖስ በአንዳንድ አካባቢ አባሎ ይባላል፤ በሌላው አካባቢ ግን አባሎ የሚባለው ፈጽሞ የማይዛመደው ትልቅ ዛፍ ነው። ዋጊኖስ ራሱም ብሩሲን ባይኖረውም ጉዳት አልባ አይደለም። በ1973 የተገለጸውና ከዕፁ የተገኘው ብሩሴአንቲን የሕዋሳትን ፕሮቲን ሥራ የሚገታ ሲሆን፣ ለካንሰር ተስፋ ተጥሎበት በሕሙማን ላይ ቢሞከርም እጢን ሊያሳንስ ባለመቻሉ ሙከራው በ1980ዎቹ ቆሟል። ስለዚህ «አባሎ ጠጥቶ ታመመ» የሚል የሕመምተኛ መዝገብ፣ የተጠጣው የትኛው ዕፅ እንደሆነ ካላረጋገጠ ለሕክምናም ለጥናትም የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው።

በጤና ተቋም ደረጃ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። የሕመምተኛው ቤተሰብ ዕፁን ካመጡ፣ ዱቄቱ ወይም ሥሩ ብቻ ሳይሆን ቅጠልና አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ እንዲያመጡ ይጠየቃሉ። ቅርንጫፉ በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ ከባድ ነገር ይጫንበታል፤ እስኪደርቅ ድረስ ጋዜጣው በየዕለቱ ይለወጣል፣ አለዚያ ይሻግታል። የአካባቢው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የተወሰደው የዕፁ ክፍልና መጠኑ ይጻፋል። በ1959 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ለማመሳከሪያ የሚሆኑ ናሙናዎች የተሰበሰቡበት ነው። ሁለት ቅጂ ማድረቅ ይመረጣል፦ አንዱ ለመለያ ይላካል፣ ሌላው በተቋሙ ይቀመጣል፣ የናሙናው ቁጥርም በሕመምተኛው ካርድ ላይ ይመዘገባል።