ያውቁ ኖሯል? የልጆች መኪና የሚዋጋበት ጨዋታ

ዓለም ከወደመች በኋላ ስላለው ዘመን የሚተርኩ የጠረጴዛ ላይ የውጊያ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚቀቡ፣ ዋጋቸውም ቀላል ያልሆነ ትንንሽ ምስሎችን ይጠይቃሉ። ጋዝላንድስ የተባለው ጨዋታ ግን የሚፈልገው ሆት ዊልስንና ማችቦክስን የመሰሉ የልጆች መጫወቻ መኪኖችን ነው።

ጨዋታውን የፈጠረው ማይክ ሀቺንሰን ሲሆን፣ የብሪታንያው ኦስፕሬይ አሳታሚ በ2017 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ማርስ ምድርን በጦርነት ድል አድርጋለች፤ በፍርስራሹ የቀሩት ሰዎች በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የሞት እሽቅድምድም ይፋለማሉ። ለአሸናፊው የሚሰጠው ሽልማት ወደ ማርስ መሄጃ ትኬት ነው።

ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው የመኪና ቡድን ያዋቅራሉ። የመኪናውም ሆነ የሚጫንበት መትረየስ ዋጋ የሚተመነው በገንዘብ ሳይሆን በቤንዚን ጣሳ ነው።

የጨዋታው ትልቁ ብልሃት ማርሹ ላይ ነው። አንዱ ዙር በ6 ምዕራፍ ይከፈላል፤ በ2ኛ ማርሽ ያለ መኪና ሁለት ጊዜ ብቻ ሲንቀሳቀስ በ5ኛ ያለው አምስት ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ፍጥነት ግን ዋጋ ያስከፍላል። መኪናው ሲንሸራተት፣ ሲጋጭና ማርሽ ሲቀይር የአደጋ ምልክት ይጠራቀምበታል። ምልክቱ 6 ሲሞላ መኪናው ከቁጥጥር ውጭ ይሆናል፤ ማርሹም ወደ 1ኛ ይወርዳል። በሁለት ሰው ጨዋታ ደግሞ ባላጋራ መኪናውን ወደፈለገው አቅጣጫ ያዞረዋል፤ ከግድግዳ ጋር ማፋጠጥም ይችላል!

ብዙ ተጫዋቾች መኪኖቻቸውን በዝገት ቀለም ቀብተው፣ ቁርጥራጭ ፕላስቲክ እንደ ብረት ጋሻ ለጥፈው ያስጌጧቸዋል። የተሻሻለው እትም በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል።