ለስታቲስቲክስ ፈተና የሚሆን ኪኒን አላችሁ?

የዩኒቨርሲቲ ፈተና በተቃረበ ቁጥር ራስ ምታት፣ ጨጓራና እንቅልፍ ማጣት ይዘውት ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣው ወጣት ይበዛል። አንድ ምሽት የመጣው ልጅ ግን ጥያቄው ለየት ያለ ነበር። «እህቴ፣ እንቅልፍ የሚያባርር ኪኒን አላችሁ?» አለኝ።

የሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የስታቲስቲክስ ፈተናው አምስት ቀን ቀርቶታል። «ሳነበው ይገባኛል፤ ጥያቄው ፊቴ ሲቀመጥ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል» አለኝ። ሌሊቱን ጫት እየቃመ ሲያነብ ልቡ ስለመታበት የዶርም ጓደኛው አንድ ኪኒን ሰጥቶታል። አሳየኝ አልኩት፤ ፕሮፕራኖሎል ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ገና አልዋጠውም ነበር። አልሐምዱሊላህ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሌላው እጁ የያዘው ያለቀበትን የአስም ፓፍ ነበር።

ኪኒኑና ቅጠሉ

ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን የሚቀንስ፣ ለደም ግፊትና ለአንዳንድ የልብ ሕመሞች በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። አስም ያለበት ሰው ሲወስደው ግን የአየር ቧንቧውን አጥብቦ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። «ያረጋጋል» ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ዳያዜፓምም እንቅልፍ እንቅልፍ ከማሰኘቱ በላይ አዲስ የተማሩትን የመያዝ ችሎታን ይቀንሳል። ለአንዱ የታዘዘ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ሊሆን እንደሚችል ልጆቻችን ሊያውቁ ይገባል።

ጫትስ? በለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ምርቃናው ሲወርድ ድካምና ድብርት ይተካሉ። ነቅቶ ያደረ ሁሉ ተምሮ አደረ ማለት አይደለም። በቀን የተጠናው በአእምሮ ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና፣ እንቅልፍን የሚሰርቅ ነገር ጥናቱንም ይሰርቃል።

ቡናም ቢሆን ሰዓት አለው። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ቡና ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና አለ ማለት ነው።

አማካዩ የሚደብቀው

ወረቀት ሰጥቼው «ያለፉትን አምስት ሌሊቶች ስንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» አልኩት። 2፣ 10፣ 9፣ 3፣ 6 ብሎ ጻፈ። ድምሩ 30፣ አማካዩ 6። «ስድስት ሰዓት እኮ መጥፎ አይደለም» ብሎ ፈገግ አለ። እኔም ከጎኑ 6፣ 6፣ 6፣ 6፣ 6 ብዬ ጻፍኩ። የዚህም አማካይ 6 ነው። «አሁን የሁለቱን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አውጣ» ስለው ብዕሩ ቆመ። ምዕራፉን ሦስት ጊዜ አንብቦታል፤ በእጁ ግን አንድም ጊዜ አልሠራውም።

አብረን ሠራነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 6 ሲቀነስ ‑4፣ 4፣ 3፣ ‑3፣ 0 ይቀራል። እያንዳንዱ በራሱ ሲባዛ 16፣ 16፣ 9፣ 9፣ 0 ይሆናል፤ ድምሩ 50። ለ4 ሲካፈል 12.5፣ ስኩዌር ሩቱ ደግሞ 3.5 ገደማ። የእኔው ዜሮ ነው። አማካዩ አንድ ሆኖ ሳለ የእርሱ እንቅልፍ ምን ያህል እንደተዘበራረቀ ቁጥሩ አጋለጠው። «አሁን ገባኝ» አለ።

ብዕር ይዞ ማጥናት

በአሜሪካ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ካነበቡ ተማሪዎች ይልቅ መጽሐፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል፤ 42 በመቶ ለ56 በመቶ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን ደግመው ያነበቡት ነበሩ የበለጡት። ደግሞ ማንበብ ያወቅን እንዲመስለን የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የቀሩትን አምስት ቀናት እንዲህ ከፈልናቸው። በመጀመሪያው ቀን አማካይን፣ ሚዲያንን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን በእጅ መሥራት። በሁለተኛው ቀን የትኛው ፈተና ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን መለየት፤ የሁለት ቡድኖችን አማካይ ለማወዳደር ቲ‑ቴስት፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ አኖቫ፣ በቁጥር ለሚቆጠሩ ምድቦች ካይ‑ስኩዌር፣ የሁለት ነገሮችን ዝምድና ለማየት ኮሪሌሽን። ሦስተኛው ቀን የፒ ቫልዩ ነው። ፒ ከ0.05 በታች ሆነ ማለት «መድኃኒቱ 95 በመቶ ይሠራል» ማለት አይደለም። በእውነቱ ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ ከመቶ 5 በታች ነው ማለት ነው። በአራተኛው ቀን የቆየ ፈተና ሰዓት ይዞ መሥራት፤ በአምስተኛው የተሳሳቱትን ብቻ አርሞ በጊዜ መተኛት።

ከቤት የሚላከው

እናቶች ሆይ፣ ወደ ካምፓስ ከምትልኩት ገንዘብ ጋር በሶ፣ ቆሎና ቴምር ብትልኩ ትልቅ እገዛ ነው። በውኃ የተበጠበጠ በሶ ዶርም ውስጥ ያለ እሳት የሚዘጋጅ ቁርስ ነው፤ እንቁላል ወይም ለውዝ ቢታከልበት ረሃብን ያስታግሣል። ፈተናው በረመዷን ከዋለ ሱሑርን አለመዝለል፣ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውኃ ደጋግሞ መጠጣት፣ ከባዱን ጥናትም ከሱሑር በኋላ ባለው የንጋት ሰዓት ማድረግ ይረዳል። አስምና ስኳር ያለባቸው ልጆች ግን መድኃኒታቸውን በተመለከተ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ያ ልጅ ከወር በኋላ ፓፉን ሊገዛ ተመልሶ መጣ። «ሲ አገኘሁ» አለኝ። ኤ አይደለም፤ ነገር ግን በሰላም እየተነፈሰ በራሱ ሠርቶ ያገኘው ነው። እናንተም ዛሬ ለልጃችሁ ስትደውሉ «አጠናህ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ? ማን የሰጠህን ኪኒን ዋጥክ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ጤናችሁ ይብዛ። ወሰላሙ ዐለይኩም።