«ጎዳና» መንገድ ያልሆነበት ስፍራ፦ የጉጂና የቦረና ስሞች ምን ይናገራሉ?

በሻኪሶ ገበያም ሆነ በነገሌ ቦረና መናኸሪያ ጉዮ፣ ገልገሎ፣ ሃላኬ፣ ሮባ የሚሉ ስሞችን መስማት የተለመደ ነው። ኦሮምኛ ለማያውቅ ሰው እነዚህ መጠሪያዎች ብቻ ናቸው። ቋንቋውን ለሚያውቅ ግን ልጁ መቼና በምን ሁኔታ እንደተወለደ ይናገራሉ።

በጉጂና በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ከስም መነሻዎች አንዱ የልደት ጊዜ ነው። ጉዮ በቀን፣ ገልገሎ አመሻሽ ላይ፣ ሃላኬ ደግሞ ሌሊት ለተወለደ ወንድ ልጅ ይሰጣል። ወቅትም ስም ይሆናል፤ ዝናብ ሲጥል የተወለደው ሮባ፣ በበጋ የተወለደው ቦናያ ይባላል። ጂሎ የሥርዓተ በዓል ጊዜን ያስታውሳል። ቤተሰቡ ለከብቶቹ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ሲንቀሳቀስ የተወለደ ልጅ ጎዳና ተብሎ ይጠራል። የልደት ምስክር ወረቀት ባልነበረበት ዘመን ስሙ ራሱ ማስታወሻ ነበር።

ይህ ልማድ በሌሎች ሕዝቦችም ዘንድ አለ። የሶማሌው ሮብሌ፣ የአማራው ዘነበ እና በኬንያ የሉኦ ሕዝብ የሚጠቀምበት ኦኮት ሦስቱም ከዝናብ ጋር የተያያዙ ናቸው። በጋና የአካን ሕዝብ ልጁን በተወለደበት ዕለት ይሰይማል፤ ኮፊ ዓርብ፣ ክዋሜ ቅዳሜ የተወለደ ማለት ነው። በአማርኛም ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ቀድሞ በሞት የተለየ የቤተሰብ አባልን ለሚተካ ልጅ ነው።

ችግር የሚፈጠረው ስሙ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲሻገር ነው። ጎዳና በአማርኛ መንገድ ነው። በኦሮምኛ ደጅን ወይም ሜዳን የሚያመለክተው ዲዳ፣ በአማርኛ መናገር ለማይችል ሰው የሚነገር ቃል ነው። እንዲህ ያለ ስም የያዘ ልጅ ትርጉሙን በማያውቁ ጓደኞቹ መካከል ሊሳቅበት ይችላል። ባለፉት ዘመናት ትምህርት ቤት ሲገቡ ወይም ሥራ ሲይዙ የአማርኛ ስም የተሰጣቸው በርካታ ኦሮሞዎች ነበሩ፤ በኋላ የቀድሞ ስማቸውን የመለሱም አሉ።

ሌላው ጉዳይ አጻጻፍ ነው። በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቅ ድምፅና የሚረዝም አናባቢ ፊደሉ ተደግሞ ይታያል፤ የግዕዝ ፊደል ግን መጥበቅን አይለይም። በዚህም ምክንያት ጉዮ የተባለ ሰው በመታወቂያው ላይ በአንድ ዓይነት፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ በሌላ ዓይነት ፊደል ሊጻፍ ይችላል። በአገራችን የአባት ስም ለልጅ፣ የአያት ስም ለልጅ ልጅ ስለሚተላለፍ የአንዲት ፊደል ስሕተት ሦስት ትውልድ ድረስ ትዘልቃለች። ውርስ፣ የባንክ ሒሳብ ወይም ፓስፖርት ሲጠየቅ ዝምድናን ማስረዳት አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ይደነግጋል። ወላጆች ለምዝገባ ወደ ቀበሌ ሲሄዱ የራሳቸውን መታወቂያ ይዘው ቢቀርቡ፣ የአባት ስም በዚያው ፊደል መጻፉን ቢያረጋግጡና የምስክር ወረቀቱን ከመረከባቸው በፊት በሁለቱም ፊደላት አንብበው ቢያዩ ይበጃል። ለልጁም የስሙን ትርጉም መንገር ተገቢ ነው፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ልጅ ለሚስቁበት ጓደኞቹ መልስ አያጣም።