ከመቅኒ ውጭ የሚያገረሽ የደም ካንሰር
የደም ካንሰር መነሻው የአጥንት መቅኒ ነው፤ በሕክምና ከጠፋ በኋላ ሲያገረሽም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው እዚያው ነው። አልፎ አልፎ ግን የመቅኒውም ሆነ የደሙ ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በሽታው በአንጎል ሽፋን፣ በወንድ የዘር ፍሬ፣ በቆዳ ወይም በዓይን በኩል ይመለሳል።

አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በደም የሚዘዋወሩ ብዙ ነገሮችን በሚያግድ አጥር የተከበቡ ናቸው፤ የዘር ፍሬም ተመሳሳይ አጥር አለው። ይህ አጥር መርዝን እንደሚከለክል ሁሉ ብዙዎቹን የካንሰር መድኃኒቶችም ያስቀራል። ከጀርባው የተረፉ ጥቂት ሕዋሳት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊባዙ ይችላሉ።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መድኃኒት የሕፃናትን መቅኒ ማጽዳት ሲጀምር፣ በሽታው በብዙዎቹ ላይ በአንጎል ሽፋን በኩል ተመለሰ። በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ጁድ ሆስፒታል ዶክተር ዶናልድ ፒንክልና ባልደረቦቻቸው ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ለራስ ቅል ጨረር፣ በጀርባ በኩል ደግሞ ወደ ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ የሚገባ መድኃኒት መስጠት ጀመሩ። ቀድሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድል ከነበረው በሽታ ግማሽ ያህሉ ሕፃናት መዳን ቻሉ። ጨረሩ የአእምሮ ዕድገትን ስለሚጎዳ ዛሬ ለአብዛኞቹ ቀርቷል፤ የጀርባው መርፌ ግን ቀጥሏል። ደሙ ከጸዳ በኋላ መርፌው ለምን እንደሚደጋገም ለሚጠይቁ ወላጆች መልሱ ይኸው ነው።

የለጋሽ መቅኒ በተሰጣቸው ታካሚዎች ላይ ሌላ ምክንያት ይታከላል። የለጋሹ የመከላከያ ሕዋሳት የካንሰሩን ቅሪት በመቅኒ ውስጥ አጥብቀው ሲያሳድዱ፣ በሌሎች የአካል ክፍሎች ጥበቃቸው ይላላል ተብሎ ይታመናል።

ጠዋት ጠዋት ከማስታወክ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የፊት መጣመም ወይም በቆዳ ላይ የሚወጣ ጠጣር እብጠት ቀጠሮ ሳይጠበቅ ለሐኪም ሊነገር ይገባል። ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የዘር ፍሬ እብጠት ነው፤ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ወጣቶችም በኀፍረት ይደብቁታል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው በማስታገሻ እየተደገፈ ሥራውን መቀጠሉ ውድ ጊዜ ያስከፍለዋል።

ሐኪሞች ማረጋገጫ የሚያገኙት ከጀርባ ፈሳሽ ወይም ከእብጠቱ ከሚወሰድ ናሙና ነው። ሕክምናው በታየበት ቦታ ብቻ አይወሰንም፤ ካልታከመ መቅኒውም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚከተል መላ አካልን የሚያዳርስ መድኃኒት ይታዘዛል። በልጆች ዘንድ፣ የመጀመሪያው ሕክምና ካበቃ ከረጅም ጊዜ በኋላ ያገረሸ በሽታ ቶሎ ካገረሸው የተሻለ የመዳን ተስፋ አለው።